የሚስቴ ሃያ ደቂቃ

ኅዳር 4
ሐኪሙ በየቀኑ ጻፍ ብሎኛል። እጅህን ያፍታታልሃል አለ። ምን ልጻፍ? ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጢም ስላጭ የኖርኩ ሰው ከምላጭ ሌላ መቼ ለመድኩና! ይኸው መስመሩም እንደ እጄ ይንቀጠቀጣል።
ፀጉር ቤቱን ከዘጋሁ ሦስት ወር ሆነኝ። የደንበኛ ጆሮ ከምቆርጥ ብዬ...
ዛሬ ሽንኩርት ላጥኩ። ሦስት ራስ። ሚስቴ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውላ ስትመጣ "ጎበዝ" አለችኝ። እንደ ልጅ።

ኅዳር 9
ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ነገር ጣል አደረገ። ባለቤትህን አንድ ፌርማታ ቀድማ ከአውቶቡስ ስትወርድ አያታለሁ፣ ዘመድ አላችሁ እንዴ እዚያ ሰፈር? አለኝ። የለንም።
ሥራ የሚለቁት በአስራ አንድ ነው። አስራ አንድ ተኩል ቤት መድረስ አለባት። የምትገባው ግን ለአስራ ሁለት አስር ጉዳይ ሲል። ሃያዋ ደቂቃ የት ትገባለች? ጠየቅኋት። አውቶቡሱ ነው አለች። ድስት እያማሰለች ታንጎራጉራለች ደግሞ።
በዚህ ኑሮ ምን ያንጎራጉራታል?

ኅዳር 10
ስትገባ ፊቷ ፈክቶ ነበር። ለእኔ አይደለም።

ኅዳር 13
ጠበቅኋት። ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም። ከፌርማታው ማዶ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ቆምኩ። ወረደች። ቀጥ ብላ ወደ ትምህርት ቤቱ። ልጆቹ ወጥተው አልቀዋል። ገና ሳታንኳኳ ዘበኛው ከፈተላት። ፈገግ ብሎ። ሙሉ ፀጉር ያለው ሰው ነው፣ ያውም ጎኑን አሳምረው ያነሱለት። ማን ቆርጦት ይሆን?
በሩ ተዘጋ። ደሜ ፈላ።
ስትወጣ ቀድሜያት ለመግባት በአቋራጭ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ...
"ምን ስትሠራ ዋልክ?" አለችኝ። ምንም አልኳት። አንቺስ? ምንም አለች። ተዋሽተን በላን።

ኅዳር 14
ጥርጣሬ እንደ ጢም ነው። ላጭቼው ባድርም፣ ጠዋት እዚያው ነው።

ኅዳር 16
ዛሬ በኋላ በኩል ዞሬ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ሥር ሬዲዮ ያዳምጣል። እሷ...
ዥዋዥዌ ላይ ናት። የልጆች ዥዋዥዌ!
ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣዋለች። ወደ ፊት ስትሄድ እግሯን ትዘረጋለች፣ ስትመለስ ታጥፋለች። ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። ከማንም ጋር አይደለም። ብቻዋን።
እፎይ ማለት ነበረብኝ አይደል? አላልኩም። ወንድ ቢሆን እጣላው ነበር። ከዥዋዥዌ ጋር እንዴት ይጣላሉ? ችግሩ የሁለታችን፣ ደስታው የሷ ብቻ? እኔ እዚህ እጄን ይዤ ተቀምጬ... ከእኔ ጋር እንደዚያ የሳቀችው መቼ ነበር?

ኅዳር 17
አፌ አላስቻለኝም። እራት ላይ "ዥዋዥዌው እንዴት ነው?" አልኳት።
ማንኪያዋን አስቀመጠች። ተከተልከኝ? አዎ።
"ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ የበሽተኛ አንሶላ አጥባለሁ" አለች። "ቤት ስገባ ያንተን እጅ አያለሁ። በመሃል ለሃያ ደቂቃ እግሬ መሬት እንዳይነካ ፈለግሁ። እሷንም ቀማኸኝ።"
ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 23
አንድ ሳምንት ሊሞላ ነው። በየቀኑ አስራ አንድ ተኩል ላይ ከች ትላለች። ደቂቃ አታዛንፍም። ትገባለች፣ ትሠራለች፣ ትተኛለች። ቤቱ ድምፅ የለውም።
የፈለግሁትን አገኘሁ። እንኳን ደስ ያለህ፣ አንተ ሰውዬ።

ኅዳር 25
ጠዋት ጫማዋን ስታስር በሩ ላይ ቆሜ ለመንኳት። ሂጂ፣ ሁለተኛ አልመጣም አልኳት። በምን አውቃለሁ? አለችኝ። እውነቷን ነው። ትናንት ሞክራ እንደነበር ነገረችኝ፤ ግን አጥሩን አጥሩን እያየች የዥዋዥዌውን ሰንሰለት እንኳ ሳትይዝ ተመልሳለች።
በዚያች ሰዓት እኔም ከቤት እወጣለሁ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ እሄዳለሁ አልኩ። የት? ብላ ጠየቀችኝ።
የት እንደሆነ እኔስ መቼ አወቅሁ...

ኅዳር 27
ቃሌን ጠብቄ ወጣሁ። ዝም ብዬ ስሄድ፣ ስሄድ... ደክሞኝ ዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለችው ቀጭን መንገድ ላይ ግድግዳ ተደገፍኩ። ይሞቃል! ምድጃው ለካ ከበስተኋላው ነው። ሙቀቱ እስከ ትከሻዬ ወጣ። ዞር ብዬ መዳፌን ለጠፍኩበት። መንቀጥቀጡ አልቆመም። ቀነሰ ልበል? ወይስ ረሳሁት?
አስር ደቂቃ ሙሉ ስለ እሷ አላሰብኩም። ዋሸሁ። ሁለቴ አስቤያለሁ።

ታኅሣሥ 1
ካልሲዋ ላይ አሸዋ አየሁ። አልጠየቅኋትም። ጥርሴን ነክሼ።

ታኅሣሥ 6
ዛሬ ግድግዳዬ ጋ ቆየሁ መሰለኝ፣ ቀድማኝ ገብታለች። ደጃፍ ቆማ አገኘኋት።
"የት ነበርክ?"
ወጣ ብዬ ነው አልኩ።
ትከሻዬን ይዛ አዞረችኝ። ጀርባዬ ኖራ በኖራ ሆኗል። "ይሄ የማን ግድግዳ ነው?" አለች። በመዳፏ አራገፈችልኝ፣ ለኖራ ከሚያስፈልገው ጠንከር አድርጋ።
እራት ስታወጣ የድስቱን ክዳን ጓ አደረገችው። ብቻህን ነበርክ? አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ደገመችው፣ እንደ ዋዛ።
ነገ እነግራታለሁ።
ወይ ከነገ ወዲያ...