ለስላሳው ብረት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

አገር ቢለያየንም ሐሳቤ ካንተ አልራቀም፤ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ግን ሰሞኑን ደሜ እንደፈላ ነው።

በምሠራበት ፋብሪካ፣ ለተሰበረ ዳሌ የሚገጠመውን የቲታኒየም ብረት በአሸዋና በአሲድ እናሻክረው ነበር። ለካ አለቃዬ ወጪ ልቀንስ ብሎ ካምና ጀምሮ ሳይሻከር ያስወጣዋል! ላብራቶሪ ውስጥ በሁለቱም ዓይነት ላይ የአጥንት ህዋስ አሳደግኩ። ሻካራው ላይ ተቆናጥጦ በዛ፤ ከለስላሳው ላይ ግን ሳጥበው ረገፈ።

"አጥንት ካልያዘው ይላላል እኮ!" ብዬ አለቃዬን ስለው፣ "አንቺ ደግሞ ነገር ማካበድ ትወጃለሽ" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ናሙናዎቹን ይዤ፣ ብረቱን የሚገጥሙት ሐኪሞች የተጠሩበት ስብሰባ ገባሁና ፊታቸው ደረደርኳቸው። ለስላሳው ያኔውኑ ታገደ። "የተገጠመላቸው ሰዎችስ?" ብዬ ብጮህ ግን አለቃዬማ ስልኩን ይነካካል!

እማዬ አምና ዳሌዋ በብረት ከተጠገነ ወዲህ ደህና ትራመድ ነበር። አሁን ግድግዳ ትይዛለች። ምነው ስላት፣ "ጫማው እያንሸራተተኝ ነው" አለች። አዲስ ጫማ ገዛሁላት፤ በአዲሱም ግድግዳውን አልለቀቀችም። ነገ ራጅ ትነሣለች።

ለክረምት ያልከውን ዕረፍት አሁን ውሰድና ና። "ልጄን እንዳታስደነግጪብኝ" ስላለችኝ ሌላ አልጨምርም።

ጤናህን አብዝቶ ይስጥልኝ፣
ናፋቂህ ታናሽ እህትህ