የኢድ ልብስ በሰው ሻንጣ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2012

አልሸጥም አልኩት። ሰዒድ ከደሴ ደውሎ ለንግድ የገዛሁትን የልጆች የኢድ ልብስ እዚሁ ሻርጃ ላገኘሁት ነጋዴ በወረደ ዋጋ ጥዬው እሑድ ዜጎችን በሚመልሰው አውሮፕላን እንድገባ ይለምነኛል። ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ያስመዘገበኝ እሱ ነው። ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ እዚህ እገዛለሁ፣ እሱ ደሴ ሱቃችን ውስጥ ይሸጣል። ፈርቷል። አልፈርድበትም።

ያለሁበት ሁኔታ ይኸው፦
ካርጎ ከኢድ በፊት ቦታ የለንም ብሏል።
ዴራ ገበያ ያሉት የጅምላ ሱቆች ግማሾቹ ዝግ ናቸው።
ልብሱ ለኢድ ካልደረሰ ከርሞ ፋሽኑ ያልፍበታል።
እኔ ጤነኛ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ሮላ ሰፈር ያለው ቢድ ስፔሳችን፣ በአልጋ የምንከራየው ቤት፣ ሞልቷል። ከሥራ የወጡ ሴቶች እየመጡ መተላለፊያው ላይ ሳይቀር ፍራሽ ተነጥፏል። ትናንት ሩቂያ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ መጣች። አል ባርሻ ሰው ቤት ነበር የምትሠራው። ማዳሟ ኮሮናው ሲመጣ ፈራች፣ "ኸላስ፣ ሹግል የለም" ብላ ከሥራ አስወጣቻት፣ ሻንጣዋን በር ላይ አስቀመጠችላት። እሑድ ትሄዳለች፤ ግን ደስ አላላትም። ሁለት ልጆቿ እናቷ ዘንድ ናቸው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። "ባዶ እጄን ምን ብዬ እገባለሁ?" አለችኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

መጋዘን ሄጄ ካርቶኖቹን አየሁ። እርጥበት አልገባቸውም።

የመጋዘኑ ባለቤት ሚስተር ራጃን ወንበራቸውን በር ላይ አውጥተው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያባታቸው አገር ሕንድ ነው፤ እሳቸው ግን ሲንጋፖር ተወልደው አድገዋል። አረብኛቸው እንደኔው የተሰባበረ ስለሆነ እንግባባለን። መንገዱ ጭር ብሏል፣ ጫኝም አራጋፊም የለም፣ አለቀልን አልኳቸው። ሳቁብኝ።

እሳቸው ልጅ ሳሉ ያቺ ደሴት ምን እንደነበረች ነገሩኝ። ማዕድን የላት፣ የእርሻ መሬት የላት፣ የሚጠጣውን ውሃ እንኳ ከጎረቤት ትገዛ ነበር። ከጎረቤቷ ጋር ያደረገችው አንድነት ሲፈርስ ብቻዋን ቀረች፣ ሰዉም የት እንግባ አለ። አባታቸው ወንዙ ዳር ከጀልባ ጆንያ ያወርዱ ነበር። ወንዙ ከመሽተቱ የተነሳ አፍንጫ ሳይያዝ አይታለፍም።

"ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ?" አልኳቸው። እኔ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው።

"መርከብ ሁሉ በደጃችን ያልፍ ነበር" አሉ። "የሚያልፈውን አስቆምነው። የቆመው ለውበታችን ብሎ እንዳይመስልሽ። ሌላ ወደብ የሚያጉላላውን እኛ ቶሎ አራግፈን ስለምንሸኘው ነው። ጉቦ የሚለምነውም አልነበረም።"

ወሬው ጥሩ ነው። እኔ ግን ደሴት አይደለሁም፤ አንዲት ሴት ነኝ፣ ያውም ጾመኛ። ጥላ ፍለጋ ገባሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 30

አገኘሁት። ሲያገኙት ሞኝ የሚያሰኝ ነገር ነው።

በደህናው ጊዜ እኛ ነጋዴዎች ወደ አገር የሚገባ ሰው ፈልገን የሻንጣ ኪሎ እንለምናለን። "ትንሽ ኪሎ ይተርፍሻል?" እንላለን። አይተርፋትም። ብርድ ልብሱን፣ ሽቶውን፣ የዘመድ አደራውን ጠቅጥቃበታለች። አሁን ግን አንድ አውሮፕላን ሙሉ ሴት ባዶ ሻንጣ ይዞ ሊሄድ ነው። እኔ ካርጎ የለም ብዬ አለቅሳለሁ፤ ካርጎው አጠገቤ ፍራሽ ላይ ተኝቷል።

ለሩቂያ ነገርኳት። ልብሴን ያዙልኝ፣ የኪሎውን እከፍላለሁ፣ በዚያ ላይ እያንዳንዳችሁ ለልጆቻችሁ ሙሉ ልብስ ትመርጣላችሁ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ውስጡ ሌላ ነገር ቢኖርስ? ሙሽኪላ ውስጥ እንዳታስገቢኝ፣ እትዬ ዘሃራ። ዋላሂ፣ ልጆቼን ሳላይ እስር ቤት አልገባም።"

ልክ ናት። ሰው በሰው ሻንጣ ስንት ነገር ልኳል። ሁሉንም ካርቶን በሚሄዱት ሴቶች ፊት ፈታሁት። እያንዳንዷን ቀሚስ እያራገፉ፣ ኪሱን እየገለበጡ ራሳቸው አጠፉ፣ ራሳቸው አሸጉ። ሩቂያ ለሴት ልጇ ሰማያዊ ቀሚስ መረጠች፣ ወገቡ ላይ ቢራቢሮ ያለበት። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ዛሬ ገና አየኋት።

እሑድ፣ ግንቦት 2

ሄዱ። ሻንጣው ሁሉ ሄደ።

እኔ ቀረሁ። ስሜን ከዝርዝሩ አስወጣሁ፤ ቦታዬን አጅማን ለምትኖር አንዲት እርጉዝ ሰጧት። ሰዒድ ሲሰማ ድምፁ ተቀየረ። "እታለም፣ ብትታመሚ ማን አለሽ?" አለኝ። አሁን አገር ብገባ መኖሪያ ፈቃዴ ይቃጠላል፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ እንደ አዲስ ልለምን ነው? እዚህ ለመቆም ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል። በሽታ ፈርቼ የቆምኩበትን አልለቅም። ይሄን አልነገርኩትም። "ቦሌ በጊዜ ድረስ፣ አይሱዙውን ይዘህ" ብቻ አልኩት።

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ጉድ ሆንኩ።

ሰዒድ እንደ ሁልጊዜው መውጫው በር ላይ ቆሞ ሻንጣ ሊቀበል ነበር። ማንም አልወጣም። ሴቶቹን ከነሻንጣቸው አውቶቡስ ላይ ጭነው በቀጥታ ለይቶ ማቆያ ወሰዷቸው። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው ይላል፣ ከውጭ ማንም አይገባም። ሁለት ሳምንት። ኢድ እዚያው ያልፋል።

ሰው እንደሚቆይ አውቅ ነበር። ሻንጣው ከሰው ጋር እንደሚቆይ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ስንት ዓመት በሰው ኪሎ ዕቃ ስልክ ሻንጣው ሁሌም በር ላይ ከሰው ይለይ ነበር፤ እጄ የለመደውን አሰብኩ። ሰዒድ "አላልኩሽም?" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

አልቅሼ አላፈጠርኩም። ቴምር በላሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ሰገድኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ሚስተር ራጃን ዘንድ የሄድኩት ኪራዩን እንዲያቆዩልኝ ለመለመን ነው። ታሪኬን ነገርኳቸው። እሳቸው ስለ አባታቸው ጀመሩ። መንግሥት ወንዙን ሊያጸዳ ሲነሳ ጎጇቸው ፈረሰ፣ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣቸው። አባትየው ዶሮዎቹን በሊፍት ይዘው ወጡ። ጎረቤት ጮኸባቸው፣ ዶሮዎቹ ታረዱ። ዛሬ ያንን ወንዝ ቱሪስት ፎቶ ያነሳዋል። "ደልቶን እንዳይመስልሽ" አሉኝ፤ "እየመረረን ነው ያደግነው።"

ከዚያ እንደ ዋዛ፣ "ዕቃሽ ቆመ አልሽ። እነማን ዘንድ ነው የቆመው?" አሉኝ።

ኪራዩን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ሩቂያ ጋ ደወልኩ። ሻንጣዎቹን ክፈቱ፣ ልብሱን እዚያው ሽጡ አልኳት።

"እትዬ ዘሃራ፣ ጾሙ ነው እንዴ የሚያናግርሽ? እዚህ እኮ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሮላ አይደለም።"

"አንቺ ያለሽበት ፎቅ ላይ እናት የሆነች የለችም?"

"ሞልቷል።"

"እንዳንቺ ባዶ እጇን የመጣችስ?"

ከኋላዋ ሴቶች ሲያወሩ ይሰማኛል።

"ስልኩን ዝጊው" አለችኝ። "ጠባቂዎቹን ላናግር።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ትናንት ቀኑን ሙሉ አልደወለችም። ዛሬ ከዐሥር በኋላ ደወለች።

ጠባቂዎቹ፣ ሰው እንዳትሰበስቡ እንጂ ምን ቸገረን ብለዋል። ማስኳን አድርጋ በየክፍሉ በር ፊት አንሶላ ትዘረጋለች፣ ልብሱን ታስቀምጣለች፣ ራቅ ብላ ትቆማለች። አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ አትቀርብም። የሚከፍሉት ባንክ ያልደረሰ የዓረብ ፍሉስ ነው። ወሎ የሚገቡ ሁለት ሴቶች ደሴ ሲደርሱ ለሰዒድ ሊከፍሉ በዱቤ ወስደዋል፤ ሩቂያ ዋስ ሆናቸዋለች። ሳትጠይቀኝ ነው የሆነችው። እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

ኢዱ ካለፈ በኋላ ለሚደርስ ልብስ መክፈላቸው ገርሞኝ ጠየቅኳት።

"ልጅ መች ጨረቃ ይቆጥራል?" አለችኝ። "ኢዱ እናቱ የገባች ቀን ነው።"

የሷ ፎቅ አልቋል። ከታች ያሉት ከጅዳ የመጡ ናቸው፣ የሴት ልጅ ልብስ እያሉ ነው። የራሷን ልጅ ቀሚስ እንኳ ሽጭልን ብለዋት ተጣልታለች። በሚቀጥለው በረራ ማን እንደሚመጣ ጠይቂና ላኪ፣ እኔ እዚህ አለሁ አለችኝ። እኔ እዚህ አለሁ! ያቺ ግድግዳ ስታይ የነበረች ልጅ።

በረራው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዴራ ነገ ተመልሶ ይዘጋል የሚሉም አሉ። ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፤ ጾሙ ይሆናል። ከሌሎቹ ፍራሼን አርቄ መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ።

ሰዒድ አሁን ደወለ። መቼ ነው የምትመጪው ይለኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

"እታለም፣ ፎቶውን የላክሽልኝ ያ ባለ ቢራቢሮው ሰማያዊ ቀሚስ ቀርቷል? ገዢ መጥቶብኛል።" አለኝ።