የጠዋቱ ቁጥር

ጥር 4

የቢሮዎቹ ሕንፃ፣ ሁለተኛው ሊፍት። ሽቦ ገመዱን በጨርቅ እየዳበስኩ መረመርኩ። በአንድ ስንዝር ውስጥ ስድስት የተበጠሰ ሽቦ። ወሰኑ ስምንት ነው። መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ወረድኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መምህሩ መጣ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ሃያ ዓመት ተራራ ስንወጣ አንድ ገመድ ላይ ታስረናል። ሃያ ሁለቱን ፎቅ በደረጃ አምስት ጊዜ ወጣን። ቦርሳችን ውስጥ አሥራ ስምንት ኪሎ ውሃ በጀሪካን። ላይ ስንደርስ እንደፋዋለን፣ ባዶ እንወርዳለን፣ ታች እንሞላለን። መውረድ ጉልበት ይበላል። የሱ ጉልበት ደግሞ የሚበላ ነገር ብዙም አልቀረውም።

የሕንፃው ጥበቃ እንደ ልማዱ ለከፈኝ። "ኢንጂነር፣ ሊፍቱን የሚሠራው ሰው በደረጃ ከሄደ እኛ ምን ልንሆን ነው?" ከዛሬ ጀምሮ እሱም ሊፍት እንደማይሳፈር ነገረኝ። የሚውለው ምድር ቤት ነው።

መምህሩ ከታች ሆኖ "ስንት ደረስክ?" ብሎ ጮኸ። "አሥራ አራት" አልኩት። አሥራ ሁለተኛው ላይ ነበርኩ። ለምን ዋሸሁ? እንጃ...

ጥር 9

መምህሩ እኛ ጋ እራት በላ። ትንሿ ልጄ በሩን ከፍታ "አጎቴ አምስት መጣ" አለች። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ይጠራዋል።

ታሪኩን ሰው ፊት ሳወራው ሁሌ አሳምረዋለሁ። እዚህ እንኳ እንደነበረ ልጻፈው።

ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ራስ ያማል። ሁሉንም ያማል። ጥያቄው ምን ያህል ነው፤ ሲበዛ ሐሳብ ያዛባል፣ ይገድላል። የክለባችን ጸሐፊ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያለ ወጣ፣ ተሸክመው አወረዱት። ከቀብሩ ስንመለስ እኔና መምህሩ ሕግ አወጣን። ጠዋት፣ ጫማ ከታሰረ በኋላ፣ ገመድ ከመያያዛችን በፊት፣ እያንዳንዳችን የራስ ምታታችንን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር እንጠራለን። አምስት ካለ ሁለታችንም እንወርዳለን። አይጠየቅም፣ አይከራከሩትም። የሰው ቁጥር የሰው ነው።

የዛሬ አራት ዓመት፣ የተራራው የላይኛው የድንኳን ሰፈር። ሰማዩ ጠርቷል። ነፋስ የለም። ጫፉ ፊት ለፊታችን፣ የአራት ሰዓት መንገድ። እኔ "ሁለት" አልኩ። እሱ "አምስት" አለ። ወረድን። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዛሬም ባለቤቴ ዳቦ እየቆረሰች ሳለ ደገምኩት። "አራት ሰዓት ሲቀረን የመምህሩን ራስ አመመው!" ልጆቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀና ሾርባውን ጨለፈ።

ጥር 13

የመምህሩ ጉልበት በግንቦት ሆስፒታል ይቀደዳል። ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ ደረጃም ቢሆን በልክ ነው ብሎታል። ያው ተራራ፣ የካቲት። "ይቺው ናት" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ጥር 20

የጋዝና የምግቡን ዝርዝር እንድገለብጥ ያለፈው ጉዞ ደብተሩን ሰጠኝ። ዳርቻው የተበላ ትንሽ ደብተር ነው፤ ሁሉም ነገር በቁጥር የተጻፈ። ስንት ብርጭቆ ውሃ፣ ስንት ደቂቃ እረፍት። የማካሮኒውን ሚዛን ስፈልግ ይህ ገጽ ላይ ደረስኩ።

እንዳለ ልገልብጠው፦

"የላይኛው ሰፈር። ጠዋት። እሱ፦ የግራውን የብረት ጥርስ ቀኝ ጫማው ላይ አሰረ። ነገርኩት። ፈታ። መልሶ እንደዚያው አሰረ። 'ሁለት' አለ። እኔ፦ ዜሮ። 'አምስት' አልኩ።"

ከሱ በታች፦ "ማካሮኒ ተርፏል። ለሚቀጥለው 400 ግራም ይቀነስ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ውሸቱን ነው፣ አልኩ። ማን ራሱን የሚያሳምር ነገር አይጽፍም? ግን ለማን ብሎ ይጽፋል? ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረው። ሲሰጠኝ ረስቶት ይሆናል። በረዶ ላይ እንዳንንሸራተት ጫማ ሥር የምናስረው ያ ብረት ግራና ቀኙ ከተቀያየረ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። የሚጠላለፈው ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ነው... ሃያ ዓመት ያሰርኩትን? እኔ?

ጥር 21

ሳሎን ያለውን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩት። የዚያን ቀን ጠዋት፣ ከድንኳኑ ፊት፣ የጎረቤት ድንኳን ሰዎች ያነሱን ነው። ቁጥር ከመጥራታችን በፊት። እኔ ደረቴን ነፍቻለሁ። እሱ ካሜራውን አያይም፣ ወደ ታች ያያል። ሁሌ የሚመስለኝ ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶት ነው።

እግሬን አየሁ። የማሰሪያው ዘለበት ወደ ውጭ መሆን አለበት። በሁለቱም እግር ወደ ውስጥ ነው።

አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ፎቶ ሥር ተቀምጬ በሰው ስቄያለሁ።

ባለቤቴ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። አቧራ ይዟል አልኳት። ጠርጌ ሰቀልኩት።

ጥር 25

አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ደብተሩን ከነዝርዝሩ መለስኩ። "ማካሮኒውን ቀነስክ?" አለኝ። ቀንሻለሁ አልኩ።

ያ "ሁለት" ያልኩት ሁለት ሆኖ አልነበረም። ስንት እንደነበር ግን ዛሬም አላውቅም። ጥርሱን መፍታቴንም ማሰሬንም አላስታውስም። እንዲህ ያለውን ሰው ስንት ነው ብሎ መጠየቅስ ምን ይረባል?

የካቲት 2

ነገ ጉዞ። ባለቤቴ ካልሲዎቼን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ጠቀለለች። "ባሌንና ወንድሜን አንድ ገመድ ላይ አስሬ የምልክ ሞኝ እኔ ብቻ ነኝ" አለች። የተናገረችው ለካልሲው ነው። መልስ የምትጠብቅ አልመሰለኝም።

የካቲት 11

የታችኛው ሰፈር። አራት ሺህ ሁለት መቶ። ድንጋይ፣ ሰባት ድንኳን፣ አንድ ወጥ ቤት። ምግብ አብሳዩ ዘንድሮም ያው ነው፤ አላረጀም፣ ድስቱ ነው ያረጀው። እንዳየን "አምስትም መጣ!" ብሎ መምህሩን አቀፈው። እዚህ ድረስ ያደረስኩት ስም ነው እንግዲህ።

መምህሩ ደስ ብሎታል። ተማሪ ይመስላል። ገመዱን በፀሐይ ዘርግቶ ሲመረምር እያፏጨ ነበር።

የካቲት 14

ሸክም ወደ መካከለኛው ሰፈር አደረስን፣ ተመለስን። እኔ፦ አንድ። እሱ፦ አንድ። ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሏል። ስለሱ አላወራንም። ስለ ቤቱ የውሃ ቧንቧ አወራን። የሚያንጠባጥበው ላስቲኩ ሳስቶ ነው አልኩት። አይ፣ ግፊቱ ነው አለ። እስክንወርድ ድረስ ተከራከርን።

የካቲት 16

የላይኛው ሰፈር። አምስት ሺህ አምስት መቶ። ድንኳኑን የተከልነው ያኔ ከነበረበት ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። ሰማዩ ጠርቷል። ጫፉ ይታያል።

ሩዙን ግማሽ በላ። ሰለቸኝ አለ። ያኔ ሦስት ሰሃን የበላ ሰው።

የካቲት 17

ከመካከለኛው ሰፈር ነው የምጽፈው፣ ከሰዓት በኋላ። መምህሩ ተኝቷል። በየጊዜው እየዞርኩ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ነፋስ የለም። ሻይ ሲቀዳ ውሃውን ከኩባያው አጠገብ፣ ምንጣፉ ላይ አፈሰሰው። አየው። "ወይ ጉድ" አለና የቀረውን ቀዳ። ይህ በማንም ይደርሳል።

ወጣን። የብረት ጥርሱን በደንብ አሰረ፤ ዘለበቱን አየሁ። የኔንም ሁለት ጊዜ አየሁ። ቀጥሎ የወገቡን ቋጠሮ መቋጠር ጀመረ። በጨለማ፣ በጓንት፣ እያወራ የሚቋጥረውን። አዞረው፣ አሾለከው፣ ሳበው፣ ተፈታ። እንደገና። ተፈታ። በሦስተኛው ጫፉን ይዞ ቆመ፤ ሰው የሰጠው ዕቃ ይመስል ያየዋል።

ቁጥር የምንጠራበት ሰዓት ነው። ያኔ እኔ ጀምሬ ነበር፤ ዛሬ ተራው የሱ ነው።

"ሁለት" አለ።

እኔ አንድ ነበርኩ። አንድም ብዙ ነው፤ እንደ ዛሬ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። ጫፉን አየሁት። አራት ሰዓት። እውነቱን ልጻፍ፦ ቋጠሮውን ራሴ ልቋጥርለት አሰብኩ። ቋጥሬለት ዝም ብለን እንሂድ። በግንቦት ጉልበቱ ይቀደዳል፣ ይቺው ናት ብሏል። እኔስ መቼ ልመለስ ነው?

ደግሞ አሞሃል ብለው "ሁለት ነኝ" ይላል። ሕግ ነው፣ የሰው ቁጥር የሰው ነው። ብቻውንም ቢሆን ይሄዳል። ግትር ነው፤ እህቱን አውቃለሁ።

"አምስት" አልኩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ወጣ።

ረጅም ጊዜ አየኝ። "አምስት?"

"አምስት።"

"ማታ ደህና ነበርክ።"

"ማታ ነበርኩ።"

ገመዱን መሬት ላይ ጣለው። ሲናደድ የማውቀው ሰው አይደለም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ጫፉ ቆመ። ከዚያ ድንኳኑን መንቀል ጀመረ። ቋጠሮውን እኔ ቋጠርኩለት፣ ለመውረጃ። መቋጠሬን እንኳ ልብ አላለም።

ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወርደን በረዶው ላይ ቁጭ አለ። የክፍሉን መዝገብ የት እንዳስቀመጥኩበት ጠየቀኝ። መሳቢያ ውስጥ ነው አልኩት። "ጥሩ" አለ። ከዚያ አስታወከ። ክንዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ገመዱን አሳጥሬ አወረድኩት። ስድስት ሰዓት ፈጀብን። ቁልቁሉ እንኳ ይህን ያህል ከበደ፤ ሽቅብ ሆኖ ቢሆን ኖሮ... አልጽፈውም።

የካቲት 18

የታችኛው ሰፈር። መምህሩ ሁለት ሰሃን ሾርባ ጠጣ። ፊቱ መለስ ብሏል። ሐኪም ያለበት የሌላ ቡድን ድንኳን አለ፤ መጥቶ አየው፤ በጊዜ ወርዳችኋል ብሎ ሄደ። መምህሩ "እኔን ምን ያየኛል፣ ያመመው እሱ ነው" አለ።

አያስታውስም። ሻዩን፣ ቋጠሮውን፣ የክፍሉን መዝገብ... ምኑንም። በደንብ ጠየቅኩት። መውረዱ አድክሞት ትንሽ ሆዱ እንደታወከ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ምግብ አብሳዩ ድስቱን እየፋቀ፣ ዘንድሮስ ማን መለሳችሁ ብሎ ጠየቀ።

"እሱ ነዋ" አለ መምህሩ በማንኪያው እያመለከተኝ። "ሰማዩ ጠርቶ፣ አራት ሰዓት ሲቀረን፣ የጌታው ራስ ታመመ።"

ቃል በቃል የኔው ነው። ምግብ አብሳዩ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሾርባው ጨው ይጎድለዋል።

የካቲት 27

ቤት። እራት ላይ መምህሩ ታሪኩን አወራው። ከኔ ይልቅ ያውቅበታል፤ ዝም የሚልበትን ቦታ ያውቃል። "አምስት!" ሲል የኔን ድምፅ አስመሰለ። ትንሿ ልጄ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። "ታዲያ አሁን አምስት ማነው?" አለች። ሁሉም ሳቀ። ስሙ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ባለቤት ቀየረ።

በኋላ ዕቃ ስናጥብ ባለቤቴ ሰሃኑን እያደረቀች፦

"እውነት አምስት ነበር?"

"አንድ።"

"እሱስ?"

"ሁለት ብሏል።"

ሰሃኑን ማድረቋን አላቆመችም። ደርቋል፣ አሁንም ታደርቀዋለች። ከዚያ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። "አትነግረውም?" አለች። አሁን አይደለም አልኳት። ያኔ እሱም አልነገረኝም አልኳት። ይህን የምታውቅ መስሎኝ ነበር፤ አታውቅም። ሄዳ ፎቶው ፊት ቆመች። ምኑን እንደምታይ አልነገርኳትም።

መጋቢት 12

ሁለተኛው ሊፍት። የተበጠሰ ሽቦ፣ ስምንት። ይቀየር ብዬ ጻፍኩ። የሕንፃው አስተዳዳሪ፣ ገመዱ እኮ አልተበጠሰም፣ እስከ ሰኔ አይቆይም ወይ አለኝ። ሲበጠስማ ቁጥር አያስፈልግም አልኩት። ሊፍቱን ዘግቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሠራተኛው ሁሉ በደረጃ ሲወጣ ሰደበኝ። ጥበቃው ብቻ ደስ አለው።

ግንቦት 24

የመምህሩ ጉልበት ከተቀደደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በክራንች መጣ። ጥበቃው ወንበሩን ለቀቀለት፤ መምህሩ ምድር ቤት ተቀምጦ ሰዓት ልያዝልህ አለኝ። አሥራ ስምንቱን ኪሎ ተሸክሜ ብቻዬን ወጣሁ። ታች ሁለቱ ሲሟገቱ ይሰማኛል። ስለ ቧንቧ ነው። ጥበቃውም ላስቲኩ ነው ይላል።

በሦስተኛው ዙር የመምህሩ ድምፅ በደረጃው መሃል ሽቅብ መጣ።

"አምስት! ስንት ደረስክ?"

ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር አየሁ።

"ዘጠኝ" አልኩ። ዘጠኝ ነበር።