በገዳሪፍ ፀሐይ ካፖርት

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ቀዩን ግን በጭራሽ አልለብሰውም! ልብስ ሻጩ ኢድሪስ ራሱ ቢመርቅልኝ አልወስደውም። ቁልፉ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ያህላል። ኮሌታው ላይ የምን አውሬ እንደሆነ የማይታወቅ ጸጉር ተሰፍቶበታል። ለብሼው ብወጣ የገዳሪፍ ውሻ ሁሉ ይከተለኛል።

ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ይሯሯጣል፣ እኔ ሱቅ መሐል ቆሜ ካፖርት እለካለሁ። የሚያየኝ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ።

ለካናዳ ያለፍነውን ሰዎች የሚያስተምረን ሰው አገሩን አይቶ የመጣ የእኛው ልጅ ነው። ከሁሉም በፊት ካፖርት ግዙ ብሎናል። ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ ገበር ያለው፣ ከሥሩ ሹራብ የሚያስደርብ፣ ደግሞም ፋሽኑ የማያልፍበት ይሁን አለ። አንዱ ከኋላ ሆኖ «የደባርቅን ብርድ የቻለ ሰው ምን ይሆናል?» ሲል አስተማሪው ዝም ብሎ ሳቀ። ሳቁ አስፈራኝ።

እማማ ግን አሁንም አልሄድም እንዳሉ ናቸው። ስማቸው ከእኔ ጋር አልፏል፣ ሐኪምም አይቷቸዋል፣ የቀረ ነገር የለም። «ልጄ መጥቶ ባዶ ቤት ያግኝ?» ይላሉ። ልጃቸው አያሌው ባሌ ነው። በርበሬ ላምጣ ብሎ ወደ መተማ ከተሻገረ ሁለት ዓመት ሆነው። አብሮት የተሻገረው ገብሬ «መተማ ላይ ተለያየን» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም። የደርግ ወታደር ይዞት ይሆናል። ታስሮ ይሆናል። እኔ እንደዚያ ነው የምለው፣ እስረኛ አንድ ቀን ይፈታል። እዚህ ሻይ እየሸጥኩ በር በሩን ከማይ እዚያ ሄጄ ባፈላልገው ይሻላል።

እማማን ትቼ ግን አልሄድም። እሳቸውም አያስቀሩኝም። ሁለታችንም እንሄዳለን፣ አለቀ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ዛሬ ጎረቤቴን እትዬ ዘነቡን ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ያሉበት ገበያ ሻጩ ያለቅሳል እንጂ ገዢ አይጎዳም። ኢድሪስ ያለውን ሁሉ ዘረገፈልን፦

ቡኒ። የወንድ ነው። ትከሻው ሁለት እኔን ይይዛል።

ግራጫ። ቀለሙ ደስ ሲል! ወደ ፀሐይ ሳነሳው ግን ወንፊት ነው። ብል ጨርሶታል።

ቀይ። ተነግሯል።

ጥቁር። ወይ ጥቁሩ! ረጅም፣ ቁልፉ በሁለት ረድፍ፣ ኮሌታው ሰፊ፣ ገበሩ እጅ ላይ የሚንሸራተት። ከጫፉ ክር መዝዤ ክብሪት ለኮስኩበት፣ የተቃጠለ ጸጉር ሸተተኝ። ንጹሕ ሱፍ ማለት ነው። ስለብሰው ልክክ አለብኝ። ኢድሪስ «ወላሂ ያ ሐበሺያ፣ ኸዋጃ መሰልሽ!» ብሎ አጨበጨበ፣ ፈረንጅ ማለቱ ነው። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ማውለቅ ግን አላሰኘኝም። ከአገሬ ከተሰደድኩ ወዲህ በመስታወት ራሴን አይቼ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ዘነቡ ፊታቸው ልውጥ አለ።

«ይቅርብሽ። ቡኒው ይሻልሻል።»

«ሁለት እኔን ይይዛል እኮ!»

«ይጠባል፣ ሰፊ ነገር ይጠባል። ጥቁር አይሆንሽም።»

«ጥቁር ምን አደረገዎት?»

«ምንም። ምንም ልጄ» ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ዋጋ እንኳ አልተከራከሩም። ሽንኩርት ሲገዙ ግማሽ ቀን የሚጨቃጨቁ ሴትዮ! ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ማታ ለእማማ ሳወራ ደግሞ ሌላ ጣጣ። «ጥቁር? በልጄ ላይ ልታሟርቺ ነው? እሱ ከል ነው! ከል መርዶ ሳይመጣ አይለበስም።»

«ካፖርት ነው እማማ፣ ከል አይደለም። እዚያ ሁሉም ይለብሰዋል።»

«ይልበሱታ!» ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ቡኒውን ተውሼ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ገለባበጠው፣ ጎተተው፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ወገቡ ይጠባል፣ ትከሻው ከተነካ ግን ሌላ ልብስ ይሆናል አለኝ። ግራጫውን በሕልሜም ብደርተው አይሞላም። ቀዩን ለማንም ጠላት አልመኝም።

እንግዲህ ጥቁር ነው። ተበሳጨሁ ደግሞ። ቀለም ሰው አይገድልም። አያሌው ካለ አለ፣ እኔ ቀይ ብለብስ በቶሎ አይፈታ፣ ጥቁር ብለብስ አይታመም። ይልቅ ደረቴን ብርድ ቢመታኝ ማን ሊያስታምመኝ ነው? በልጅነቴም ሳንባዬ ደካማ ነበር። ወሰንኩ። የሚቆጣ ይቆጣ።

አንድ ደስ የሚል ነገር። እማማ ሽሮ ሲያማስሉ ቆይተው ድንገት «እዚያስ ቤተ ክርስቲያን አለ?» አሉኝ። አለ አልኳቸው። «ታቦት ያለው?» አሉ። ታቦቱን አላውቅም፣ ግን አለ ብያቸዋለሁ። መጠየቅ ከጀመሩ ግማሹን መንገድ ሄዱልኝ ማለት ነው። እሰይ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ገዛሁት! ገና እንደገባሁ ነው የምጽፈው። እማማ ጓሮ ናቸው፣ አላዩኝም። አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ። ቀስ ብዬ አስለምዳቸዋለሁ።

ኢድሪስ እንደ ሥጋ በጋዜጣ ልጠቅልልልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩ። አንድ እጄ ሽንኩርትና ዱቄት ይዟል፣ በሌላው ከሰል አንጠልጥያለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ካፖርቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በሰፈሩ መሐል ነጎድኩ።

ሰዉ ግን እንዴት አከበረኝ! ውኃ ሻጩ ከአህያው ወረደልኝ። ቧንቧው ጋ የቆሙት ሴቶች ወሬያቸውን ትተው መንገድ ለቀቁልኝ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ የማይወጣው ያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ተነሥቶ ቆቡን አወለቀ። አንዷማ ዓይኗ እንባ ሞላ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኳት። ጥሩ ልብስ ሰው ያደርጋል፣ ኮራሁ። እስከ ቤቴ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ገባሁ።

ከውጭ የብዙ ሰው እግር ይሰማኛል። ማን ይሆን?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ትናንት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ዛሬ እጽፈዋለሁ።

የመጡት ሊያለቅሱ ነው። ከፊት እትዬ ዘነቡ ደረታቸውን እየደቁ፣ ከኋላቸው ሴቶቹ፣ ከዚያ ወንዶቹ ሰሌንና ወንበር ተሸክመው። «ወይኔ አያሌው! ወይኔ አያሌው!» ጓሮ የነበሩት እማማ ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

እኔ ሳቄ ሊመጣ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ። «ኧረ ካፖርት ነው! የገዛሁት ካፖርት ነው!» ብዬ ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ቁልፉን አሳየኋቸው፣ ገበሩን ገልብጬ አሳየኋቸው። «ከል አይደለም፣ ማንም አልሞተም፣ ተሳስታችኋል!»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንዱ ለጎኑ ሰው በቀስታ «ታዲያ አልነገሯትም እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

ያኔ ገባኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል «ማን ሞተ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሉም ያውቁ ነበር። ጥቁር ለብሼ ሲያዩኝ የሰፈሩ ሽማግሌዎች መርዶ የነገሩኝ መሰላቸው። ውኃ ሻጩ ያውቅ ነበር። እትዬ ዘነቡ ያውቁ ነበር። ቆቡን ያወለቀው ያውቅ ነበር። እኔ በመሐላቸው እንደ ሙሽራ ስንጎራደድ!

ገብሬ ከሰዉ መሐል ወጥቶ እግሬ ሥር ተደፋ። መተማ ላይ አልተለያዩም። መተማ ሳይደርሱ ንዳድ ይዞት መንገድ ላይ ሦስት ቀን አቃሰተ፣ ከዚያ አለፈ። ገብሬ በእጁ ቆፍሮ ቀበረው። ተመልሶ ለሽማግሌዎቹ ሲነግር የእማማ ልብ ታሟል፣ ቆይ አሉት። ከዚያ የካናዳው ነገር መጣ፣ አሁንም ቆይ አሉት። እዚያ ከገባን በኋላ በሰው ሊያስነግሩን ነበር።

እዚያ! በበረዶ መሐል! ደረቴን ስደቃ እጄን የሚይዘኝ፣ ውኃ የሚያቀምሰኝ አንድ ሰው በሌለበት! እትዬ ዘነቡን «አልምርዎትም» አልኳቸው። እሳቸው ግን አልሄዱም። እኔ ስጮህ ያቅፉኛል፣ እገፋቸዋለሁ፣ ተመልሰው ያቅፉኛል።

እማማ መጀመሪያ አልጮሁም። ማማሰያውን አስቀመጡ፣ ከዚያ በቁማቸው ወደቁ። ውኃ ረጨንባቸው። ከነቁ ጀምሮ ስሙን ይጠራሉ። አያሌው አይሉም፣ በሕፃንነቱ ያወጡለትን ስም ነው የሚጠሩት። እኔ ያን ስም ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ባሌ ሞቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ እስረኛ አድርጌ አኖርኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ሠልስቱ ወጣ። ሴቶቹ ቀሚሴን ጥቁር ቀለም ነክረው ከል አደረጉልኝ። እጄ ሁሉ ጠቁሯል፣ በሳሙናም አልለቅ ብሏል።

ለካናዳው በረራ ወደ ካርቱም የምንነሣበት ቀን ደርሷል። ግማሹ ሰው አርባው ሳይወጣ እንዴት ትሄዳለች ይላል። አርባውን እዚያ አወጣለሁ አልኳቸው። ቄስ ቢኖር በቄስ፣ ባይኖር ሻማ አብርቼ። ዕድል በር ላይ ቆማ አትጠብቀኝም። እሄዳለሁ። ልቤ ቢሰበርም እግሬ አልተሰበረም።

የሚያስጨንቁኝ እማማ ናቸው። ከሐሙስ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሱም፣ ከቅዳሜ ወዲህም ቃል አልተነፈሱም ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ገለል ሲል ቀና አሉና «ያን ካፖርት አምጪው» አሉኝ።

ሊያቃጥሉት ነው ብዬ እያመነታሁ ሰጠኋቸው። ተነሥተው ለበሱት። እጅጌው ጣታቸውን ዋጠው፣ ጫፉ መሬት ጠረገ። ቁልፉን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፉ። በዚያ ሙቀት! ግንባራቸው ወዲያው አላበው።

«ይከብዳል» አሉ። «ይሞቃል ግን?»

«ይሞቃል፣ እማማ።»

«እንግዲህ እዚህ የምጠብቀው የለኝም። እመጣለሁ።»

ስለምኳቸው፣ ስጨቀጭቃቸው፣ በቄስ ሳስመክራቸው የከረምኩት ነገር ነው እኮ። እንዲህ መሆኑ አላስደሰተኝም። ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ለእርስዎ በልክዎ ሌላ እገዛለሁ፣ ይኼ የእኔ ነው፣ ሐዘኑም የእኔ ነው አልኳቸው።

«ጥቁሩ የእናት ነው» አሉ። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ቀሚሱን ዓመቱ ሲሞላ ታወልቂዋለሽ። ካፖርት ግን ብዙ ዓመት ይለበሳል አላልሽኝም? እዚያ አገር የመበለት ልብስ ለብሰሽ እንድትገቢ አልፈልግም። ለራስሽ ቀለም ያለው ፈልጊ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው?» አሉ እማማ። «ሰው ሁለት ዓመት ዝም ብሎኛል። አሁንም ዝም ይበል።»

አሁን ጫፉን እያሳጠርኩላቸው ነው። ሱፉ ወፍራም ነው፣ መርፌ ሰበርኩ። ነገ ኢድሪስ ጋ እሄዳለሁ። ምን ቀለም እንደምይዝ አላውቅም። እማማ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሽሮ በእንጀራ እየጎረሱ ነው፤ ጥቂት ነው፣ ግን በሉ።