ዝም የማይለውን ማሽን መረጥኩ

አይደለም አባዬ፣ አልተሳሳትኩም። የምትለው ይሰማኛል እኮ። «ጆሮ የማያደነቁረው እያለ ይሄን ጯሂ ገዛሽ?» ነው የምትለው። አዎ፣ ገዛሁ። ዕድሜ ልክህን መጋዝ ስር ቆመህ ጆሮህ ስለደከመ ዝምታ የምትወደው አንተ ነህ፣ እኔ አይደለሁም። ደሞ ሳትቆጣ መጀመሪያ አስጨርሰኝ።

እሺ፣ እንደ ሰው ልጀምር። እንደምን ሰነበትክ የኔ አባት። ከሄድክ ሁለተኛው የበቆሎ እሸት ደርሷል። የመጀመሪያው ጊዜ ማንም አልጠበሰም፤ ከማሳው ላይ ደረቀ። ዘንድሮ ጠበስን፣ ግን አንዱ ጎን ከሰል ሆነ፣ አንዱ ጎን ጥሬ። የምታገላብጥልን አንተ ነበርክ። እኔና እማዬ እሳቱ ዳር ተቀምጠን አንዳችን ሌላችንን ስንጠብቅ አረረ።

ትምህርቱን ተውኩት። ዘጠነኛ ላይ። አስተማሪው ክፍል ውስጥ «አባት ያልገረፋት ልጅ እንዲህ ናት» አለኝ፣ እኔም መለስኩለት። ምን ብዬ እንደመለስኩ አልነግርህም፣ አንተ ፊት የሚባል አይደለም። ከዚያ «አባትሽን ይዘሽ ነይ» ሲለኝ «መንገዱን አሳየኝ» አልኩትና ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። በዚያው ቀረሁ። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እንጨቃጨቃለን፣ ዛሬ ጉልበት የለኝም።

የእንጨት መሰንጠቂያችን አንተ ከሄድክበት ቀን ወዲህ አልዞረም። ዶሮዎች ጠረጴዛው ስር ይጥላሉ። ሰጋቱራው ላይ ሣር በቅሏል። ሠራተኞችህ ተበተኑ፤ አንዱ ሞተር ይነዳል፣ ሌላው የት እንደገባ አላውቅም። እማዬ በመጋዙ በኩል አታልፍም፣ ውሃ ለመቅዳት እንኳ በጓሮ ዞራ ነው የምትሄደው።

አንተ ያላየኸውን ልንገርህ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ አጎቴ ታምሩ አንተን ያሳጣንን ግንድ በመጥረቢያ ፈለጠው። መጋዙ የተበጠሰበት ቦታ ላይ ሚስማር ነበር። ረጅም፣ ቀፎ ለመስቀል የሚመቱት ዓይነት። ማን እንደመታው እንጃ፣ ዛፉ አድጎ ውጦታል፤ ቅርፊቱ ላይ ጠባሳ እንኳ የለም። ግንድ ከመጫንህ በፊት በእጅህ እየዳበስክ ትዞረው እንደነበር አውቃለሁ። ሺ ጊዜ ብትዳብሰውም አታገኘውም ነበር። ይሄን የምልህ ራስህን እንዳትወቅስ ነው። እኛ አልወቀስንህም። እማዬ ትንሽ ወቅሳሃለች፣ ግን እሷ መጋዙንም ዛፉንም ቀፎ ሰቃዩንም ወቅሳለች።

እና እሷ ናት «እንጨት ሆድ ውስጥ ያለውን የሚያሳውቅ ነገር ሳታመጡ ያ መጋዝ ቢዞር እኔ ከዚህ ግቢ ወጣሁ» ያለችው። አጎቴ እንደ ቀልድ ነው የወሰደው። እኔ ግን ወርቅ የሚቆፍሩ ሰዎች በማሽን እንደሚፈልጉ ሰምቼ ነበር። መሬት ውስጥ ያለውን ካገኘ እንጨት ውስጥ ያለውን ምን ይሳነዋል?

ያረጁ ማሽኖች የሚሸጥ ብሩክ የሚባል ሰው አለ፤ ወርቅ ቆፋሪ ነበር፣ ወገቡን ሲያመው ተወው። ከአጎቴ ጋር እሱ ጋ ሄድን። ሁለት ነበሩት። አንዱ አዲስ መሳይ፣ ስክሪን ያለው፣ ቁጥር የሚያወጣ። ሌላው እጀታው በፕላስተር የታሰረ፣ ከታች ድስት ክዳን የመሰለ ነገር ያለው፣ ስክሪን የሚባል የሌለው፤ ድምፅ ብቻ።

ብሩክ አዲስ መሳዩን ብድግ አድርጎ «እህቴ፣ ይሄ ጨዋ ነው። ቆርኪ ቢያገኝ፣ ሚስማር ቢያገኝ ትንፍሽ አይልም። ቁም ነገር ሲኖር ብቻ ነው የሚናገረው» አለኝ። አጎቴ ደስ አለው። «ሰላማዊ! በቃ፣ ይሄ ነው የኛ» ይላል። አስበው አባዬ!

ያንን ሚስማር ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው። አወጣሁና መሬት ላይ ጣልኩት። «እስቲ አሳልፍበት» አልኩት። አሳለፈ። ዝም። መለሰው። ዝም። ፈገግ ብሎ «አየሽ? አያስቸግርሽም» አለኝ።

ታውቀኛለህ፣ ደሜ ፈላ። «አባቴን የገደለው እኮ እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። መንገድ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ሙዝ የምትሸጠዋ ሴትዮ ከዘንቢሏ አጠገብ ተነሳች። አጎቴ ፊቱን አዞረ። ብሩክ ሚስማሩን ከመሬት አንስቶ በሸሚዙ ጠረገና በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ከዚያ ነው ዝምታው በአንድ ቁልፍ እንደሚነሳ ያሳየኝ። ውሸቱን አይደለም፣ ቁልፉን ሲነካው ብረቱም ተናገረ። ግን አጎቴን አየሁት። አንተም ታውቀዋለህ፣ የሚጮህ ነገር ካጋጠመው እጁ ማጥፊያ ፍለጋ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ይሰለቸውና ቁልፉን ይመልሰዋል፣ እኔ አላይም፣ ግንድ ይጫናል። ስለዚህ ዝም ማለት ጭራሽ የማያውቀውን መረጥኩ። ብሩክ «እሱ እኮ መርፌ ብታሳዪውም ይጮሃል» አለኝ። «ይጩህ፣ ለዚሁ ነው የምወስደው» አልኩት። ተግባባን ወይስ አልተግባባንም?

መጀመሪያ ላይ ግን አበድኩ። ሁሉም ጩኸት ነው። ማዳመጫውን ሳወልቅ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ይቀጥላል። ለብሩክ ደውዬ «ምን እያለ ነው?» ስለው «እንደ ሕፃን ነው፣ ስትለምጂው ለቅሶውን ትለዪዋለሽ» አለኝ። ወልጄ አላውቅ!

የረዳችኝ እማዬ ናት፣ ብታምንም ባታምንም። እኔ ፊቴን አዙሬ እሷ ሰጋቱራው ውስጥ አንድ ነገር ትቀብራለች። እኔ ሰምቼ ስሙን እጠራለሁ። ስሳሳት «አይደለም» ብቻ ትላለች፣ ምን እንደሆነ አትነግረኝም። ልክ እንዳንተ። እንዲህ እያልን ለመድኩት። የቆመ ሚስማር አጭር ነው፣ እንደ ሳል፣ እህ ብሎ ያበቃል። ከተኛ ሁለቴ ይላል፣ ራሱ ጋ አንዴ፣ ጫፉ ጋ አንዴ። ሽቦ ይጎተታል፣ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ አይታወቅም። የጥይት ቀለህ ጥርት ያለ ነው፣ ያፏጫል። የመብራት ሽቦ በግቢያችን ላይ ስለሚያልፍ ማሽኑ ሲያጉረመርም ይውላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ጭጭ ይላል። እና እኔ የምሠራው መብራት ሲጠፋ ነው። ጂንካ ደሞ ለዚህ አያሳጣም።

ከአልዱባ በኩል በመጣ ግንድ ላይ አንዴ ፉጨት ሰማሁ። በመሮ ፈለፈልኩት፣ ቀለሁ እንኳ አይደለም፣ የጥይቱ አናት ራሱ እንጨቱ ውስጥ ተኝቷል። ማን ዛፍ ላይ እንደሚተኩስ እንጃ። አጎቴ ተቀብሎኝ በጥርሱ ነከሰው፣ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሌላ ቀን ደሞ ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሲል ማሽኑ ቀወጠው። ለካ ደረት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነው። «ልቤ ነው፣ ወርቅ ስለሆነ» አለ። እማዬ ሳቀች። አባዬ፣ ሳቀች ነው የምልህ! ድምፁን ረስቼው ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከቤት ኋላ ያለው ዋንዛችን ተቆረጠ። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦውን እየነካ ነበር፤ ቁረጡት ያለችው እማዬ ናት። ለቤተ ክርስቲያን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ወጥ አግዳሚ ወንበር፣ መገጣጠሚያ የሌለው፣ እሠራለሁ ብለህ ቃል ገብተህ አልነበር? ሽማግሌዎቹ እስካሁን ይጠይቁናል። ለዚያ የሚበቃ ግንድ ይሄ ነው። እማዬም አሰበችበትና «እሺ፣ እሱ ይሰንጠቅ» አለች። ራሷ ናት ያለችው።

አጎቴ ግን ሰልችቶታል። ሃና ከተማ ላይ ሥራ የሚጀምር ሰውዬ መሰንጠቂያውን ልግዛችሁ ይላል። «ይሄን ከሰነጠቅን ሥራ ጀመርን፤ ካልሰነጠቅን ይወሰድ፣ ሣር ማብቀያ አይደለም» ነው የአጎቴ ነገር። ዛሬ ሲመሽ ለሰውየው መልሱን ይሰጠዋል። መጋዙ ፊት የሚቆመው ደሞ እሱ ነው፣ አንተ የቆምክበት ላይ። «አንቺ ንጹህ ነው ካልሽ እቆማለሁ» ይለኛል። አባዬ፣ ይሄ ለኔ የሚባል ነው? ትናንት ክብሪት ከእጄ የሚቀማኝ ሰውዬ እኮ ነው!

ጠዋት መብራት እንደጠፋ ጀመርኩ። ከሥሩ በኩል ዝም። ከላይ በኩል ዝም። ደስ ሊለኝ ሲል መሃሉ ላይ አንድ ነገር አለ። ሳል አይደለም፣ ፉጨት አይደለም። ስሄድ ይመጣል፣ ስመለስ የለም። ከሩቅ፣ ከውስጥ፣ ሰው በር ዘግቶ ሲያወራ እንደሚሰማው። ጫማዬን አወለቅኩ። አጎቴን ከነስልኩ አባረርኩ። መሬቱ ውስጥ ይሆናል ብዬ፣ ጎረቤት ጠርተን ግንዱን ከመሬት አንስተን እንጨት ላይ አጋደምነው። አሁንም አለ። ወይ ያለ ይመስለኛል። የደከመ ጆሮ የሚፈራውን ይሰማል፤ አሁን የሰማሁት ማሽኑን ይሁን ፍርሃቴን መለየት አቃተኝ። ብሩክን ጠየቅኩት፣ «በስልክ አይለይም እህቴ» አለኝ፣ ልክ ነው። በመሮ ልቆፍር ብል ከየት በኩል? ከአራቱም ጎን እስከ ልቡ ከቆፈርኩት ወጥ የሚባል ጣውላ አይተርፍም።

ቦታው የት እንደሆነ ታውቃለህ? ሬዲዮህን የምትሰቅልበት። ከሥራ ስትወጣ ዋንዛው ላይ ሰቅለህ፣ ጆሮህ ስለማይሰማ እስከ መጨረሻ ትከፍታትና ሰፈሩ ሁሉ ያንተን ዜና ያዳምጥ ነበር። ዝምታ ወዳዱ ሰውዬ! እኔ ከስር ተቀምጬ ሱሪህ ላይ የተጣበቀውን ሰጋቱራ እለቅምልሃለሁ። ሬዲዮዋን አስታውሳለሁ፣ ቀይ ነበረች፣ የባትሪ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ። ምን ላይ እንደተንጠለጠለች ግን አላስታውስም። እማዬ «በገመድ ነው፣ ዛፉን ዙሪያውን አስሮ» ትላለች። አጎቴ «ሚስማር ነው፣ መዶሻውን እኔ ነኝ ያቀበልኩት» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ «ያ የአጥሩ ሚስማር ይሆን እንዴ?» ይላል። ሌላውን ሁሉ ይዤዋለሁ አባዬ፤ ስትስቅ ትከሻህ እንዴት እንደሚነቃነቅ፣ ስትጠራኝ ስሜን እንዴት እንደምትጎትተው፣ የእጅህን ሻካራነት። እሱን አልጥልም፣ እስክሞት ይዤው ነው የምኖረው። ግን ሬዲዮ የሚሰማ ልጅ ማንጠልጠያውን ያያል?

ስለዚህ አንተ ንገረኝ። ገመድ ከሆነ ንጹህ ነው እላለሁ፣ አጎቴ ይቆማል፣ አግዳሚውም ይወጣል። ሚስማር ከሆነ ከየት በኩል እንደመታኸው ብቻ ንገረኝ፣ በዚያው በኩል ጠባብ ቀዳዳ አውጥቼ እነቅለዋለሁ። ሁለቱም ይሆነኛል። የማይሆነኝ አለማወቅ ነው። ካልነገርከኝ «አለበት» ነው የምለው። አጎቴን በይመስለኛል እዚያ ቦታ ላይ አላቆመውም፤ እማዬን ሁለተኛ እንደዚያ ስትጮህ አልሰማም። ይሸጣል በቃ።

እንዲሸጥ ግን አልፈልግም። ያንተን መሰንጠቂያ ሰው መኪና ላይ ጭኖት ሲሄድ በር ላይ ቆሜ ማየት አልችልም። ደክሞኛል አባዬ። ሁሉም ሰው እኔን ነው የሚያየኝ፣ እኔ ማንን ልይ?

ኔትወርክ የለም እንዳትለኝ፣ ሰው ከዚያ ጠረፍ፣ ከኮልቾ እንኳ ይደውላል። ሥራ ላይ ነኝም እንዳትለኝ። ስልኬ ክፍት ነው፣ ማሽኑን እንዳያስጮኸው መስኮቱ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ግን እሰማለሁ። ገመድ ወይ ሚስማር፣ አንድ ቃል ናት። ፀሐይዋ ወደ ተራራው እየሄደች ነው። ከመምሸቱ በፊት ደውልልኝ።