እማማ ጥሩዬ ተንቀሳቀሱ

ወረታ፣ ሰኞ ጥር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

እፎይ! ሦስት ቀን ያቃጠለን ትዕይንት ዛሬ አለቀ። ፊልማችንን የምንቀርጸው በትንሽዬ የፎቶ ካሜራ ነው። እናት ሆነው የሚተውኑት አከራዬ እማማ ጥሩዬ ታዲያ ካሜራዋን ባነሣሁ ቁጥር ሻሻቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ድርቅ ይላሉ። ጠፍቶ የከረመ ልጃቸው ደጃፍ ላይ ሲቆም እንኳ ዓይናቸው አይርገበገብም።

ቢቸግረኝ "በቃ፣ ፎቶው ተነሥተዋል እማማ" አልኋቸው፤ ካሜራዋን ግን አላጠፋሁም። በረጅሙ ተነፈሱና ልጅ ሆኖ ወደሚተውነው ዞሩ።

"ውይ አንተ ልጅ፣ ቆመህ ዋልህ እኮ! ና ግባ፣ እህል ቅመስ!" ብለው እጁን ይዘው አስገቡት።

እኔ ከጻፍሁት ይበልጣል። ደስ ብሎኝ ቀረጻውን ሳሳያቸው ግን ክው አሉ።

"በሞትሁት! ተንቀሳቅሼ አበላሸሁባችሁ!"