ሰባተኛው ጥያቄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን

ለወንድሜ ልጅ ለማሙሽ፣

ጤናው እንዴት ይዞሃል? እስካሁን ጺምህ ሳይሸብት አይቀርም፤ ለእኔ ግን ያው ማሙሽ ነህ። አድራሻህን የሰጠኝ አብሮ አደግህ ጎማ ጠጋኙ ነው። እሱን እንዳትቆጣው፤ ሦስት ቀን ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ነው ያወጣጣሁት። ስልክህን ግን አላውቅም ብሎ ምሎ ተገዘተ።

እኔ እዚያው ሆስፒታል ነኝ፤ ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ጎን፣ ደረጃው ሥር ባለችው ክፍል። መድኃኒት መግዛት ላቃታቸው ሰዎች በነጻ ወይም በቅናሽ የሚሰጥ ድርጅት እፈልጋለሁ፤ ቅጹንም እሞላለሁ። ለስኳሩ የት፣ ለኩላሊቱ የት እንደሚደወል በቃሌ ነው የማውቀው። ሰዉ "የመድኃኒት እናት" ይለኛል። ወይ እናት! የገዛ ወንድሜ መድኃኒት አቅቶኝ ይኸው ላንተ እጽፋለሁ።

አባትህ ልቡ ደክሟል። የታዘዘለት ኪኒን ውድ ነው፤ በአናጢ ጡረታ የሚቻል አይደለም። እኔም ከደሞዜ ጨምሬ የሁለት ወሩን ገዛሁ፤ ከዚያ በላይ አቅም አጣሁ። ደግነቱ በነጻ የሚሰጥ ድርጅት አገኘሁለት። ያን ሰሞን ጉንፋን ጥሎኝ ስለነበር ቅጹን የሞላችለት ባልደረባዬ ናት። ሰባተኛው ጥያቄ "የሚጦርዎት ልጅ አለ?" ይላል። አባትህ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ "እንዴታ፣ ልጄ ይጦረኛል፤ በየእሁዱም ይደውላል" አላት። ድምፅህን ከሰማ ስድስት ዓመቱ። እኔ ብኖር ጠረጴዛው ሥር እግሩን እረግጠው ነበር።

"ጧሪ ስላላቸው አይመለከታቸውም" የሚል መልስ መጣ። እባካችሁ እንደገና እዩት ብዬ ጻፍኩ። "እንግዲያው እንደማይጦራቸው ልጁ ራሱ በፊርማው ያረጋግጥ" አሉ። አባትህን ቃሉን እንዲያስተካክል ለመንኩት። "ልጄ ጣለኝ ብዬ ልፈርም? በሰው ፊት ላዋርደው?" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኩራቱን ታውቀዋለህ።

ሌላ ድርጅት ደወልኩ፤ ለሕፃናት ብቻ ነው አሉኝ። በቅናሽ የሚሸጠው መድኃኒት ቤት "ሲመጣ እንነግርሻለን" ካለኝ ወር አልፎታል። አባትህ ደግሞ ተደብቆ ኪኒኗን በምላጭ ለሁለት ይከፍላል፤ ግማሾቹን ትራሱ ሥር አገኘኋቸው። ያለችው ሁሉ ተጠራቅማ አሥራ አንድ ናት። ተው እንዳልለው ቶሎ ታልቃለች፤ ዝም እንዳልል እግሩ ቀን በቀን እያበጠ ነው። እኔ እንግዲህ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ።

አልደብቅህም፣ ፊርማህን አስመስዬ ልፈርም እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ቤቱን ሁሉ ብፈትሽ ፊርማህን የማይበት አንድ ደብዳቤ አጣሁ።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ በእርሳስ ምልክት ያደረግሁበት ቦታ ላይ ፈርም። "አባቴን አልጦርም" ነው የሚለው፤ ሌላ ነገር የለውም። አባትህ አያየውም፣ ራሴ ነኝ ፋይሉ ውስጥ የማስገባው። ለምን እንደተኮራረፋችሁ አልጠይቅም፤ የአባትና የልጅ ነገር ነው። ተቀይሜሃለሁ ማለትም አልፈልግም፤ ግን ተቀይሜሃለሁ። መፈረሙ ከከበደህ ይክበድህ፤ ብቻ ፈርምና ቶሎ ላክ።

ይህን ስጽፍ አባትህ ከአልጋው ላይ ሆኖ "ለማን ነው?" አለኝ። "ለመድኃኒት ድርጅት" አልኩት። እሱም፣ "ለልጄም የጻፍሽለት ቀን፣ አባትህ በጣም ደህና ነው በይልኝ" አለ።

አባትህ በጣም ደህና ነው።

ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ።

አክስትህ